የሞስ ዲቃላ፦ እናቱ የታወቀች፣ አባቱ የሚፈለግ

ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተዳቅለው ሲወልዱ አብዛኞቻችን መጀመሪያ ትዝ የምትለን በቅሎ ናት። አባቷ አህያ፣ እናቷ ፈረስ። ጉልበት አላት፣ ዳገትና ቁልቁለት አያስቸግራትም፣ ግን አትወልድም። ስለዚህ ዲቃላ ሲባል ዘሩ እዚያው የሚቆም ፍጥረት ይመስለናል።

ሞስ ስለሚባለው ትንሽ አረንጓዴ ተክልም ለረጅም ጊዜ የታሰበው እንዲሁ ነበር። ዲቃላ ሞስ አልፎ አልፎ እንደሚገኝ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። ግን የትም የማይደርስ፣ ለሰብሳቢዎች ብቻ የሚገርም ነገር ተደርጎ ነበር የሚታየው። ባለፉት 40 ዓመታት ገደማ ይህ አመለካከት ተገልብጧል። ዛሬ በደንብ የምናውቃቸው አንዳንድ የሞስ ዝርያዎች ራሳቸው ከዲቃላ የተነሱ መሆናቸው ተረጋግጧል። እኔን የሚገርመኝ ይህ መሆኑ ብቻ አይደለም። የሆነበት መንገድ ከእንስሳትም፣ አበባ ካላቸው ተክሎችም በጣም ይለያል። እሱን ነው ዛሬ በዝርዝር የምናየው።

ሞስ የምለው እርጥብ ድንጋይ ላይ፣ አሮጌ ግንብ ላይ፣ በደጋ ዛፎች ግንድ ላይ ተጠጋግቶ የሚበቅለውን ትንሽ አረንጓዴ ተክል ነው። አበባ የለውም። ፍሬ የለውም። እውነተኛ ሥርም የለውም። በዓለም ላይ 12,000 ያህል የሞስ ዝርያዎች አሉ። የቅርብ ዘመዶቹ ሊቨርዎርት (7,000 ገደማ) እና ሆርንዎርት (200 ገደማ) ይባላሉ። ሦስቱም የሕይወት ዑደታቸው በመሠረቱ አንድ ዓይነት ነው። ቁልፉም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ነጠላና ጥንድ

እኛ ሰዎችም ሆንን ላምም ሆነች በቆሎ፣ በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ የዘረመል ስብስባችን በሁለት ቅጂ ይገኛል። አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ነጠላ ቅጂ የሚይዙት የመራቢያ ሕዋሳት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ብዙ አይቆዩም።

ሞስ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ያ የምናየው ቅጠላማ አረንጓዴ ተክል ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጠላ ቅጂ ነው ያለው። እያንዳንዱ ዘረመል አንድ ብቻ ነው። መጠባበቂያ የለውም።

ጎንበስ ብላችሁ ብታዩት ግን አንዳንዴ ከቅጠሎቹ መሃል ቀጭን ዘንግ ብቅ ብሎ ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ከረጢት አለች። ይህ የተክሉ አካል ይመስላል እንጂ ሌላ ትውልድ ነው። ልጅ ነው። የተፈጠረው የወንዴው ዘር እንቁላሏን ሲያገኛት ነውና ሁለት ቅጂ አለው። ግን ራሱን ችሎ መሬት አይረግጥም። እግሩን እናቱ ውስጥ ተክሎ፣ ውሃውንና አብዛኛውን ምግቡን ከእሷ እየሳበ ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል። ለጋ ሳለ ጫፉ ላይ የሚታየው ቀጭን ቆብም ከእናቱ ገላ የተቀደደ ነው።

ከረጢቷ ስትበስል ውስጧ ያሉት ሕዋሳት ይከፈላሉ። የእናትና የአባት ክሮሞዞሞች (ዘረመልን የተሸከሙት ክሮች) ይጠናናሉ፣ ይቀያየራሉ፣ ከዚያ ይለያያሉ። ጥንድ የነበረው ነጠላ ሆኖ በሺዎች የሚቆጠር ስፖር ይወጣል። ስፖሩ በነፋስ ይሄዳል። ደህና ቦታ ካረፈ ይበቅልና አዲስ ቅጠላማ ተክል ይሆናል።

እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ሲዳቀሉ ዲቃላው የትኛው ነው? ዘንጉና ከረጢቱ ነው። ቅጠላማዋ እናት ንጹህ የራሷ ዝርያ እንደሆነች ትቀራለች። ዲቃላው እላይዋ ላይ ቆሞ ይታያል።

ጥቂት ሴንቲሜትር የማይሻገር ፍቅር

ዲቃላ እንዲፈጠር መጀመሪያ ሁለቱ ዝርያዎች መገናኘት አለባቸው። ለሞስ ይህ ቀላል አይደለም። የወንዴው ዘር ሁለት ቀጫጭን ጅራት አለው፣ የሚዋኘውም በውሃ ውስጥ ነው። ዝናብ ወይም ጤዛ ቅጠሎቹን ካላረጠበ ንቅንቅ አይልም። ውሃ ቢኖርም አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። የዝናብ ጠብታ ሲፈናጠር ትንሽ ራቅ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

አጋዥም አለው። በ2006 በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ኒልስ ክሮንበሪና ባልደረቦቹ አንድ ቀላል ሙከራ አሳተሙ። የተጠቀሙት ብርይም አርጀንቲየም የተባለውን ብርማ ሞስ ነው። ይህ ሞስ አዲስ አበባን ጨምሮ በመላው ዓለም ከተሞች በእግረኛ መንገድ ንጣፍ ስንጥቅ ውስጥ የሚበቅል ነው። ወንዱንና ሴቷን አንድ ጊዜ አጠጋግተው፣ አንድ ጊዜ በ2 ሴንቲሜትር፣ አንድ ጊዜ በ4 ሴንቲሜትር አራራቋቸው። ብቻቸውን ሲተዉ ተጠጋግተው ከተቀመጡት በቀር ያፈራ አልነበረም። ስፕሪንግቴይል የሚባሉ ጥቃቅን ዘላይ ፍጥረቶችንና የመዥገር ዘመድ የሆኑ የአፈር ተሐዋስያንን ሲለቁባቸው ግን የተራራቁትም አፈሩ። እነዚህ ፍጥረቶች ዘሩን በገላቸው ተሸክመው ያመላልሳሉ ማለት ነው። በ2012 ደግሞ ሴራቶዶን ፐርፑሪየስ በተባለ ሌላ ሞስ ላይ የተሠራ ጥናት ሴቷ ተክል ስፕሪንግቴይሎችን የሚስብ ጠረን እንደምታወጣ አሳየ። ንብና አበባ ከመፈጠራቸው በፊት የነበረ የጥንት አሠራር ሊሆን ይችላል።

ለኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ይህ ነው። ሁለት ዝርያዎች እንዲዳቀሉ ቅጠላቸው እስኪነካካ ድረስ ተቀላቅለው መብቀል አለባቸው። በዚያ ላይ ወንዴውና ሴቴው በአንድ ወቅት መድረስ አለባቸው። በተጨማሪ ብዙ የሞስ ዝርያዎች ወንዴና ሴቴ አካልን አንድ ተክል ላይ ይይዛሉ። እንዲህ ያለው ተክል የጎረቤቱን ዘር ሳይጠብቅ የራሱን እንቁላል በራሱ ዘር ያስረግዛል። ይህ ሁሉ ዲቃላን ብርቅ ያደርገዋል።

በቅሎዋን ጠይቋት

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባላል። የሞስ ዲቃላም የሚመልሰው ይህንኑ ነው። እናቱ የቆመባት ናትና ክርክር የለባትም። አባትየው ግን ይፈለጋል።

ድሮ ፍለጋው በዓይንና በማጉያ መነጽር ነበር። ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ የሚሆኑኝ ዋይሲያ የሚባለው ወገን (የቅርብ ዘመዳሞች የሆኑ ዝርያዎች ስብስብ) አባላት ናቸው። ዋይሲያ ኮንትሮቨርሳ ዘንጉ ከቅጠሎቹ በላይ ዘለግ ብሎ ይወጣል። ከረጢቱ ክዳን አለው፣ ሲበስል ክዳኑ ይወድቃል፣ አፉ ላይ ጥቃቅን ጥርሶች አሉ። ዘመዱ ዋይሲያ ሎንጊፎሊያ ደግሞ ዘንጉ እጅግ አጭር ነው። ከረጢቱ ቅጠሎቹ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፣ በክዳንም አይከፈትም፤ ሲበሰብስ ነው ስፖሩ የሚወጣው። ልዩነታቸው ከመጉላቱ የተነሳ የድሮ ሊቃውንት በሁለት የተለያዩ ወገኖች መድበዋቸው ነበር፤ ሁለተኛው አስቶመም ይባል ነበር።

አሁን ሁለቱ ተቀላቅለው የበቀሉበት ቦታ ላይ ብትንበረከኩ አንድ የሚገርም ነገር ልታዩ ትችላላችሁ። አጭር ዘንግ ባላት እናት ላይ ከልኩ በላይ የረዘመ ዘንግ ቆሟል። አንዱ ከረጢት ከቅጠሎቹ እኩል ነው፣ አጠገቡ ያለው ትንሽ ከፍ ብሏል። የክዳን ምልክት አለ ግን ክዳኑ በወጉ አይከፈትም። አንዱንም ወላጅ በትክክል አይመስልም። በእንግሊዟ ሳሴክስ አውራጃ ኒኮልሰን የተባለ ሰው እንዲህ ያሉትን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ገልጿቸዋል። በ1972 ደግሞ በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ አንደርሰን ከቤቲ ሌመን ጋር ሆኖ የእነዚህን ዲቃሎች ክሮሞዞም በማይክሮስኮፕ መርምሮ አሳተመ።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምስጢሩ ይበልጥ ይገለጣል። የጤናማ ከረጢት ስፖሮች መጠናቸው እኩል ነው፣ ክብና ሙሉ ናቸው። የዲቃላውን ከረጢት ከፍታችሁ ብታዩ ግን ብዙዎቹ የተጨማደዱ፣ ባዶ፣ ቀለማቸው የገረጣ ሆኖ ታገኟቸዋላችሁ። በመሃላቸው ጥቂት ከልክ ያለፈ ትልልቅ ይኖራሉ። ይህን ትርምስ ያየ ሰው ዲቃላ እንደያዘ ይጠረጥራል።

ዛሬ ዲኤንኤ አለ። እዚህ ላይ ሞስ ለተመራማሪ የሚያደርገው ውለታ ሌላ ቦታ አይገኝም። እናትየው ነጠላ ቅጂ ነች። ስለዚህ ከእሷ አንድ ቅጠል ተወስዶ ዘረመሏ ቢነበብ፣ ለልጁ ያወረሰችው ሙሉ በሙሉ ይታወቃል። ነጠላ ከሆነ ምርጫ የለማ! ከዚያ የከረጢቱ ዘረመል ይነበባል። ከከረጢቱ ላይ የእናትየው ሲቀነስ የሚቀረው የአባትየው ነው። በሰው ልጅ ላይ አባትን ለማወቅ አባትየውን ራሱን መመርመር ይጠይቃል። ሞስ ላይ ግን አባትየው ከሞተና ከበሰበሰ በኋላም የዘረመሉ ሙሉ ግልባጭ በልጁ ውስጥ ይነበባል። እኔ ከዚህ የጸዳ የመቀነስ ስሌት በሥነ ሕይወት ውስጥ አላውቅም።

እናትየዋ ትበልጣለች

ዲቃላ በብዛት የታየበት ሌላው ቤተሰብ የፉናሪያ ቤተሰብ ነው። ፉናሪያ ሃይግሮሜትሪካ እሳት የነደደበት ቦታ ይወዳል። ከሰል የተከሰለበት መሬት ላይ፣ የተቃጠለ ጫካ ውስጥ፣ የአበባ ማሰሮ አፈር ላይ ሳይቀር በዓለም ዙሪያ ይበቅላል። ዘመዶቹ ፊስኮሚትሪየምና ፊስኮሚትሬላ ደግሞ ውሃው የጎደለ ኩሬና ግድብ ዳር፣ እርጥብ ጭቃ ላይ ይወጣሉ። ሁሉም ቸኳይ ናቸው፤ ባዶ መሬት ሲያገኙ ቶሎ በቅለው፣ ቶሎ አፍርተው ይጠፋሉ። በአንድ ጭቃ ላይ በአንድ ሰሞን ተደባልቀው ስለሚወጡ መዳቀላቸው አይገርምም። በብሪታንያ በግድቦች ጭቃ ላይ ፊስኮሚትሬላ ፓተንስና አንድ የፊስኮሚትሪየም ዝርያ መዳቀላቸው በ1960ዎቹ ተዘግቧል።

ይህን ቤተሰብ ወደ ቤተ ሙከራ አስገብቶ በስፋት ያዳቀለው ኦስትሪያዊው ፍሪትስ ፎን ቬትሽታይን ነው። ሥራው በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ነበር። ፉናሪያን ከፊስኮሚትሪየም ጋር በሁለቱም አቅጣጫ አዳቀላቸው፤ አንድ ጊዜ ፉናሪያን እናት አድርጎ፣ ሌላ ጊዜ ፊስኮሚትሪየምን እናት አድርጎ። የወረሱት የክሮሞዞም ስብስብ አንድ ዓይነት ነው። ውጤቱ ግን አንድ አልሆነም። ልጆቹ ወደ እናታቸው አደሉ።

ለምን? እንቁላል ትልቅ ነች፤ ኒውክለሷን (ክሮሞዞሞቹ ያሉበትን የሕዋስ እምብርት) ብቻ ሳይሆን ዙሪያዋን ያለውን ፈሳሽ፣ ክሎሮፕላስቱን (በብርሃን ምግብ የሚሠራውን አረንጓዴ ክፍል) ጭምር ይዛ ነው የምትመጣው። የወንዴው ዘር የሚያመጣው ኒውክለስና ጅራት ነው ማለት ይቻላል። ፎን ቬትሽታይን ከኒውክለስ ውጭ በእናት በኩል የሚወረሰውን ድርሻ «ፕላዝሞን» ብሎ ሰየመው። በዚያ ዘመን ውርስ ማለት ክሮሞዞም ብቻ ነው በሚባልበት ጊዜ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ለዚህ ማስረጃ ካቀረቡት መካከል አንዷ ይህች የጭቃ ላይ ሞስ ናት።

ፊስኮሚትሬላ ፓተንስ በኋላ ይበልጥ ዝነኛ ሆናለች። ከሞሶች ሁሉ መጀመሪያ ሙሉ ጂኖሙ (ጠቅላላ የዘረመል ስብስቡ) የተነበበው የእሷ ነው፤ በ2008። በብዙ አገሮች ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ያለችው ዋናዋ መስመር በ1962 እንግሊዝ አገር ግራንስደን ከሚባል ጫካ ከተሰበሰበ ናሙና የወረደች ነች።

አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ልጅ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ዲቃላው ከረጢት ተፈጠረ እንበል። ቀጥሎስ?

ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። ከረጢቷ ውስጥ የእናትና የአባት ክሮሞዞሞች መጠናናት አለባቸው። ቁጥራቸው ወይም አወቃቀራቸው ካልገጠመ ክፍፍሉ ይበላሻል። የተጨማደዱት ስፖሮች ከዚህ የመጡ ናቸው።

ጥቂቶቹ ተርፈው ቢበቅሉስ? እዚህ ላይ ሞስ ከሌሎች ይለያል። የበቆሎ ዲቃላ ሁለት ቅጂ ስላለው፣ ከአባት የመጣው ዘረመል ቢደክም የእናት ቅጂ ሊሸፍንለት ይችላል። የበቆሎ ምርጥ ዘር ጉልበትም በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ከዲቃላ ስፖር የበቀለ ቅጠላማ ሞስ ግን ነጠላ ነው። ከእናቱ ዝርያ አንዱን ዘረመል፣ ከአባቱ ዝርያ ሌላውን ተቀብሎ ተቀላቅሎ ወጥቷል። ሁለቱ ዘረመሎች አብረው መሥራት ካልቻሉ የሚሸፍንለት የለም። ጉድለቱ ሁሉ ወዲያው ይጋለጣል። ተክሉ ገና አንድ ሴንቲሜትር ሳይሞላ ይቀጫል።

ይህ ጭካኔ ይመስላል። ግን ሌላ ገጽታ አለው። ከዚህ ወንፊት ያለፈው ተክል በእርግጥ የሚሠራ ድብልቅ ነው ማለት ነው። የተደበቀ ችግር ተሸክሞ አይሄድም። ስለዚህ ከዲቃላ ከረጢት አንዲት ጤናማ ልጅ ብትወጣ ዋጋዋ ከፍ ያለ ነው። የሁለት ዝርያ ውርስ ይዛ፣ ተፈትና ያለፈች ናት።

አንደኛው በር፦ እጥፍ መሆን

ከዚህ ችግር ማምለጫ አንዱ መንገድ ክሮሞዞሙን አለመክፈል ነው። ጥንዱን እንደያዙ ቅጠላማ ተክል መሆን።

ይህ ሊሆን እንደሚችል የታወቀው ቀደም ብሎ ነው። በ1876 ፕሪንግስሃይምና ሽታል የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ለየብቻቸው አንድ ነገር አገኙ። ለጋውን የሞስ ዘንግ ቆርጠው እርጥብ ቦታ ላይ ሲያስቀምጡት ከቁርጡ አረንጓዴ ክር አቆጠቆጠ። ከክሩም ቅጠላማ ሞስ ወጣ። ስፖር አልነበረም፣ ክፍፍልም አልነበረም። ከዚያ ቤልጂየማውያኑ አባትና ልጅ፣ ኤሊና ኤሚል ማርሻል፣ ከ1907 ጀምሮ ይህንን ዘዴ ተጠቅመው እጥፍ ክሮሞዞም ያላቸው ሞሶች አሳደጉ። ያገኙት ውጤት ያስደንቃል። ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ተክሎች በሆኑባቸው ዝርያዎች ላይ፣ እጥፍ የሆነው ተክል ሁለቱንም ፆታ ይዞ ወጣ። ምክንያቱም የእናትንም የአባትንም የፆታ ክሮሞዞም ስለያዘ ነው።

ማርሻሎች እጥፍ ያደረጉት የአንዱን ዝርያ ክሮሞዞም ነው። የዲቃላ ክሮሞዞም እጥፍ ሲሆንስ? ተክሉ የሁለት ዝርያ ሙሉ ስብስብ ይይዛል። በኋላ ላይ ራሱ ሲያፈራ እያንዳንዱ ክሮሞዞም ትክክለኛ ጥንዱን ያገኛል። ክፍፍሉ ሰላም ይሆናል፣ ስፖሩም ጤናማ ይሆናል። መካን የነበረው ወላድ ይሆናል። አዲስ ዝርያ ተወለደ ማለት ነው። ስንዴያችንም የመጣው በዚህ መንገድ ነው፤ የዱረም ስንዴ ከሁለት የሣር ዝርያዎች መዳቀልና መታጠፍ የተገኘ ነው።

አበባ ባላቸው ተክሎች ይህ ድሮ የታወቀ ነበር። ሞስ ላይ ግን እጥፍ ክሮሞዞም ያላቸው ዝርያዎች ሁሉ ከአንድ ዝርያ ብቻ የታጠፉ እንጂ ከዲቃላ የመጡ አይደሉም ይባል ነበር። በ1988 አሜሪካዊው ሮበርት ዋያት፣ ከፖላንዳዊው ኢሬኔውሽ ኦድርዚኮስኪና ከሌሎች ጋር ሆኖ ይህን ሰበረው። የመረመሩት ፕላጂኦምኒየም ሚዲየም የተባለውን እርጥብ ጫካ ወዳድ ሞስ ነው። ይህ ሞስ ክሮሞዞሙ 12 ነው። ፕላጂኦምኒየም ኢንሲኜና ፕላጂኦምኒየም ኤሊፕቲከም ደግሞ እያንዳንዳቸው 6 አላቸው። ኢንዛይሞቹ (በዘረመሉ ትእዛዝ የሚሠሩት ፕሮቲኖች) ሲፈተሹ የፕላጂኦምኒየም ሚዲየም ተክሎች የሁለቱንም ዝርያ ምልክት በአንድነት ይዘው ተገኙ። 6 እና 6፣ 12። ሁለቱ ወላጆች ወንድና ሴት የተለያዩባቸው ናቸው፤ ልጃቸው ግን ሁለቱንም ፆታ በአንድ ተክል ይይዛል፤ ማርሻሎች በብልቃጥ ያዩት ነገር በጫካ ውስጥ በራሱ ጊዜ ተፈጽሞ ተገኘ። በተጨማሪም ይህ ዲቃላ አንድ ጊዜ ብቻ አልተወለደም። በተለያየ ቦታ ደጋግሞ ተወልዷል።

ከዚያ በኋላ ምሳሌው በዛ። ከሊቨርዎርቶች ፖሬላ ባውሪ የሁለት ሌሎች ፖሬላዎች እጥፍ ዲቃላ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ በላይ ግን ስፋግነም የሚባለው የረግረግ ሞስ ወገን በእንዲህ ያለ ታሪክ የተሞላ ነው። በኖርዌይ ትሮንዴላግ አካባቢ ብቻ የሚገኘው ስፋግነም ትሮንዴላጊከም ከስፋግነም ቴኔለምና ከስፋግነም ባልቲከም የመጣ ነው። ስሙን ያገኘው ከትውልድ ቦታው ነው።

ስፋግነም ትንሽ ነገር አይደለም። ሲሞት ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ እየተደራረበ ፒት የሚባለውን ጥቁር አፈር ይሠራል። የዚህ ዓይነት ረግረግ ከምድር የብስ 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ ሆኖም በውስጡ የታመቀው ካርቦን የዓለም ደኖች በሙሉ በዛፎቻቸው ከያዙት ይበልጣል። ያንን ካርቦን ያከማቹት አንዳንዶቹ ተክሎች የዲቃላ ልጆች መሆናቸውን ማወቅ ለኔ ደስ ይላል።

ዲቃላ ስፖር ባያወጣ እንኳ ሞስ ሌላ ዘዴ አለው። ከቅንጣቢ ይበቅላል። ቅርንጫፉ ተሰብሮ በእንስሳ እግር ወይም በውሃ ተወስዶ ሌላ ቦታ ይተከላል። ለዚህ እኔ የምመርጠው ምሳሌ የሃዋይ ነው። ስፋግነም ፓሉስትሬ ከዲቃላ የመጣ፣ ሁለት ስብስብ ያለው ዝርያ ነው። በሃዋይ ደሴት በኮሃላ ተራራ ላይ ያለው ሁሉ ከአንድ መሥራች ተክል የወረደ እንደሆነ በ2012 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በዚያ የተገኘው የሞሱ ቅሪት ዕድሜው ከ20,000 ዓመት በላይ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ወሲብ፣ በቅንጣቢ ብቻ እየተራባ ኖሯል ማለት ነው።

ሁለተኛው በር፦ መፍሰስ

ሌላው መንገድ ቀስ ያለ ነው። ከዲቃላ ከረጢት የወጣችው ያቺ ብርቅ ጤናማ ልጅ አድጋ ከወላጆቿ ዝርያ ከአንዱ ጋር መልሳ ትራባለች። ልጆቿም እንዲሁ። ከብዙ ትውልድ በኋላ ተክሉ ሲታይ ሙሉ በሙሉ አንዱን ዝርያ ይመስላል። ውስጡ ግን ከሌላው የመጣ ጥቂት ዘረመል አለ። ድንበሩ አልፈረሰም፤ አንዳንድ ነገር ግን አምልጦ ገብቷል።

የስዊድኗ ኦላንድ ደሴት የኖራ ድንጋይ ናት። እዚያ ሆማሎቴሲየም ሴሪሲየምና ሆማሎቴሲየም ሉቴሰንስ የተባሉ ሁለት ሞሶች ጎን ለጎን ይበቅላሉ። የክሮንበሪ ቡድን ሁለቱ የተቀላቀሉበትን ቦታ መርምሮ በ2020 አሳተመ። ዲቃላ ከረጢት አገኙ። ከዚያ የሚበልጠው ግን ቅጠላማ ተክሎቹ ላይ የታየው ነው። አንዱን ዝርያ የሚመስሉ ተክሎች የሌላውን ዘረመል ይዘው ተገኙ። ስለዚህ የአንዳንዶቹ ከረጢቶች ስፖር በቅሎ፣ አድጎ፣ ተባዝቷል። ወደ ፊትም ይሄዳል። ስፋግነም ካፒሊፎሊየምና ስፋግነም ኩዊንኬፋሪየም መካከልም ተመሳሳይ ዝውውር በ2007 ታይቷል፤ ያውም በኒውክለስም በክሎሮፕላስትም።

በዚህ ምክንያት ዝርያን በአንድ ቁራጭ ዲኤንኤ ብቻ መለየት ሞስ ላይ አደገኛ ነው። ክሎሮፕላስቱ በእናት በኩል ብቻ ይመጣል። ተክሉ አንድ ጊዜ ከሌላ ዝርያ እናት ተወልዶ ከሆነ፣ መልኩ አባቱን፣ ክሎሮፕላስቱ እናቱን ይናገራል። ሁለቱን አመሳክሮ ያላየ ተመራማሪ ይሳሳታል።

እኛ አገር ብትፈልጉ

የኢትዮጵያ ደጋ በሞስ የተሞላ ነው። የባሌ የሐረና ጫካ ዛፎች ግንዳቸው በሞስ ተሸፍኗል። ዲቃላ ለመፈለግ ግን ጫካ መግባት ግድ አይደለም። የተሻለው ቦታ ምናልባትም ከሰል የተከሰለበት ባዶ መሬት ወይም ክረምት አልፎ ውሃው የሸሸ ኩሬ ዳር ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ፣ ሂዱ።

አሥር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ መነጽር ይበቃል። መጀመሪያ ሁለት ዓይነት ቅጠል የተቀላቀለበትን ቦታ ፈልጉ። ከዚያ ዘንጎቹን አስተያዩ። አብዛኞቹ አንድ ቁመት ይዘው ጥቂቶቹ ያለ ወጉ ረዝመው ወይም አጥረው ከታዩ፣ ከረጢታቸውም ጠማማ ወይም ከልኩ ያነሰ ከሆነ፣ ናሙና ውሰዱ። ከረጢቱን ብቻ ነጥላችሁ አትቁረጡ፤ እናቲቱም አብራ ትምጣ። ያለ እሷ ያ የመቀነስ ስሌት አይሠራም። ፌስታል ውስጥ ከገባ ይሻግታል፤ በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ በጥላ አድርቁት። የደረቀ ሞስ ለዓመታት ይቀመጣል። ፖስታው ላይ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና ምን ላይ እንደበቀለ ጻፉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም የአገሪቱ የደረቁ ተክሎች ስብስብ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። እንዲህ በወጉ የተጻፈበት ናሙና ለተመራማሪ ይጠቅማል።